ደብዳቤው በማን እጅ ያልፋል? የዳግማዊ ምኒልክ ሕይወት ከውጫሌ ውል እስከ ባለጉዳዩ አቤቱታ

የአንድ አገር ነፃነት በሰንደቅ ዓላማዋና በድንበሯ ብቻ አይለካም። አገሪቱ ለሌላው ዓለም የምትልከው ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚጻፍ፣ በማን እጅ እንደሚያልፍና መልሱ በማን በኩል እንደሚመለስ ማወቅም የነፃነቷ ዋነኛ መለኪያ ነው። ይህ እውነት በመንግሥታት መካከል ባለው ግንኙነት ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በአንድ አገር ውስጥ በገዥና በተገዥ መካከል ባለው ግንኙነትም እኩል ይሠራል። ገበሬው፣ ሠራተኛውና የከተማው ነዋሪ በደሉን የሚያሰማው በራሱ ቃል ነው ወይስ በሌላ ሰው አፍ? የጻፈው ሳይበረዝ ይደርሳል ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል? ከደረሰስ በኋላ መልስ ያገኛል ወይ? በዛሬው ጽሑፋችን የዳግማዊ ምኒልክን የሕይወት ታሪክ ከነዚህ ጥያቄዎች አንጻር ለመመርመር እንሞክራለን። በአንዱ ጥያቄ ድል ያደረጉትን፣ በሌላው ግን መንገዱን ጀምረው ያልጨረሱትን መሪ ሕይወት መመርመር ለቀበሌ ማኅበራት አባላትና ለሠርቶ አደሩ ቁም ነገር አለው ብለን እናምናለን።

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ሐይቅን አልፎ በአምባሰል ምድር የሚገኘው ውጫሌ ስሙ ከአገሪቱ ታሪክ ጋር ተሳስሮ ይኖራል። የውጫሌ ውል ተብሎ የሚታወቀው ሰነድ የተፈረመበት ስፍራ ይስማ ንጉሥ ይባላል። የስፍራው ስም ራሱ የአቤቱታ ቃል ነው። ንጉሥ ይስማ ብሎ የሚጮኽ ሕዝብና ጩኸቱ የሚደርስበት ወይም የሚቀርበት ዙፋን በአንድ ስም ውስጥ ተገናኝተው እናያለን። ሆኖም በዚያ ስፍራ በ1881 ዓ.ም. የተነሳው ጥያቄ ንጉሥ ሕዝቡን ይስማ የሚል አልነበረም። ዓለም ንጉሡን የሚሰማው በማን አፍ ነው የሚል ነበር።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ኃይለ መለኮት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ናቸው። በ1848 ዓ.ም. አጤ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲያስገብሩ አባታቸው በሕመም ሞተው ነበርና፣ ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበሩት ምኒልክ ተማርከው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በዚያ አምባ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ማንበብና መጻፍ፣ የቤተ መንግሥት ሥርዓትና የጦር ስልት የተማሩበት የልጅነት ዘመን ይኸው የግዞት ዘመን መሆኑ ሊስተዋል ይገባል። እስረኛ ቃሉን ወደ ውጭ የሚያወጣው ጠባቂው ሲፈቅድለት ብቻ ነው። በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲወጡ መንገዳቸው በወሎ ምድር ላይ ነበር። የወሎዋ ገዥ ወርቂት ስደተኛውን ለቴዎድሮስ አሳልፋ ከመስጠት ይልቅ ወደ ሸዋ እንዲሻገሩ ፈቀደች፤ በቴዎድሮስ እጅ ይገኝ የነበረው ልጇም በዚሁ ሕይወቱን አጣ። የኋላው ንጉሠ ነገሥት በነፃነት ለመኖር የቻሉት አንዲት የወሎ እናት በከፈለችው ዋጋ ጭምር መሆኑን ታሪክ መዝግቦታል።

በሸዋ ዙፋን ላይ ከተቀመጡ በኋላ ምኒልክ ዐይናቸውን ወደ ባሕር ማዶ አዞሩ። ጠመንጃና ባለሙያ ይፈልጉ ነበርና ከአውሮፓ ነገሥታትና ነጋዴዎች ጋር መጻጻፍን የዘወትር ሥራቸው አደረጉት። በ1870 ዓ.ም. ለአጤ ዮሐንስ 4ኛ ከገበሩ በኋላም ይህ የደብዳቤ መስመር አልተቋረጠም። እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ያስፈልጋል። ኢጣሊያ በ1877 ዓ.ም. ምፅዋን ይዛ፣ በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ በራስ አሉላ ተመትታ በቂም በተነሳችበት ጊዜ፣ ምኒልክ በ1880 ዓ.ም. ከእርሷ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ገለልተኛ ለመሆን ቃል ገብተው በምላሹ 5,000 ጠመንጃ ተስፋ ተሰጥቷቸው ነበር። የመሳፍንቱ የእርስ በእርስ ፉክክር የውጭ ጠላት የሚገባበትን በር ምን ያህል ወለል አድርጎ ይከፍት እንደነበረ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

አጤ ዮሐንስ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ ፔትሮ አንቶኔሊ በይስማ ንጉሥ ውሉን ፈረሙ። ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት። ስለ ወዳጅነትና ስለ ንግድ የሚናገረው ክፍል ሰፊ ነበር። በ3ኛው አንቀጽ የኢጣሊያ ይዞታ ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው ወጥቶ አስመራን ጭምር የሚይዝበት ወሰን ተሰመረ፤ ለዙፋን እርጋታ ሲባል የሕዝብ አካል የሆነ ምድር ተቆርሶ መሰጠቱ ነበር። ዘመኑን ሁሉ ያነጋገረው ግን 17ኛው አንቀጽ ነው። በአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ስላላቸው ጉዳይ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት ሊጻጻፉ ይችላሉ የሚል ትርጉም ነበረው። በኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ መንገድ ለመጠቀም የተስማሙ ሆነው ይነበብ ነበር። አንዲት ግሥ ስትለወጥ የአገር ሉዓላዊነት ተለወጠ። አንቀጹ ስለ መሬት አይናገርም፣ ስለ ግብር አይናገርም፣ ስለ ጦርም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ደብዳቤ ነው። ኢጣሊያ የኢትዮጵያን አፍ ለመያዝ የመረጠችው መንገድ ይህ ነበር።

ይህን እንደ አስተርጓሚ ስሕተት ብቻ መቁጠር የጉዳዩን ሥር መሳት ነው። በ1877 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የበርሊን ጉባኤ አውሮፓውያን ኃያላን አፍሪካን የሚቀራመቱበትን ደንብ አውጥቶ ነበር። በደንቡ መሠረት በባሕር ዳር ግዛት የያዘ ወይም ሞግዚት የሆነ መንግሥት ለሌሎቹ ማስታወቅ ይገባዋል፤ የሚታወቅበት ሕዝብ መስማማቱ ግን አልተጠየቀም። ኢጣሊያ በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. 17ኛውን አንቀጽ ጠቅሳ ለኃያላኑ አስታወቀች። በዚያው ዘመን ደጃዝማች መኰንን በመልእክተኛነት ወደ ኢጣሊያ ተልከው፣ ተጨማሪ ውል ተፈርሞ፣ የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ተይዞ ነበር። ውል፣ ብድርና ማስታወቂያ ተከታትለው መምጣታቸው አጋጣሚ አልነበረም። የኢምፔሪያሊዝም አሠራር ሦስቱን አንድ ላይ መፍተል ነው።

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ከጫኑ በኋላ ይህንኑ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ጻፉ። እንግዲህ ሴራውን የገለጠው የሰላይ ወሬ ወይም የጦር ሜዳ ምርኮኛ ሳይሆን ለዚህ ደብዳቤ የመጣው መልስ ነው። ከእንግሊዝና ከጀርመን ነገሥታት የመጡት መልሶች ጨዋነት ያልጎደላቸው ቢሆኑም መልእክቱ አንድ ነበር፤ ኢትዮጵያ ወደፊት በኢጣሊያ በኩል ትጻፍ የሚል ነው። በራሱ እጅ የጻፈ ሰው በሞግዚት በኩል ጻፍ ተብሎ ሲመለስለት ምን እንደተደረገበት ያን ጊዜ ያውቃል። ምኒልክ ወዲያው ለኢጣሊያው ንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው የሁለቱን ቅጂዎች ልዩነት አስረዱ፤ እንዲታረምም ጠየቁ። አንቶኔሊ በ1883 ዓ.ም. ተመልሶ ቢመጣም የመንግሥቱ ክብር ይነካል በማለት አንቀጹን ለማስተካከል አልፈቀደም። በዚያ ክርክር እቴጌ ጣይቱ የያዙት የማያወላውል አቋም የታወቀ ነው። በየካቲት ወር 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን ማፍረሳቸውን ለኃያላኑ አስታወቁ። ያስታወቁትም በማንም በኩል ሳይሆን በራሳቸው ማኅተም ነው።

ይህ ሁሉ የወረቀት ትግል ሲካሄድ ሰፊው ሕዝብ በምን ሁኔታ ላይ ነበር? ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን አገሪቱን ይዞ ነበር። ከባሕር ማዶ በምፅዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው የከብት በሽታ የገበሬውን በሬ ጨረሰ፤ ማረሻው ተሰቀለ፤ ድርቁና ተባዩ ተጨመረበት። ምኒልክ በእጃቸው ዶማ ይዘው መሬት ቆፍረው መኳንንቱም እንዲቆፍሩ ማድረጋቸው ተመዝግቧል። ምሳሌነቱ የሚናቅ ባይሆንም በረሃብ የወደቀውን ሕዝብ ብዛት አልቀነሰውም። ሆኖም ከዚያ መከራ የተረፈው ገበሬ ነው በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲታወጅ ስንቁን ቋጥሮ የተነሳው። የመሰብሰቢያው አንዱ ስፍራ የወሎው ወረኢሉ ነበር። ከየአቅጣጫው የመጣው ሠራዊት የወሎን ምድር አቋርጦ ወደ ሰሜን ተጓዘ። አምባላጌና መቀሌ አልፈው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በወረቀት አልታረም ያለው አንቀጽ በሕዝብ ደም ታረመ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል የውጫሌውን ውል ሰርዞ የኢትዮጵያን ፍጹም ነፃነት አወቀ። ኤርትራ ግን በኢጣሊያ እጅ ቀረች። ድሉ ታላቅ ቢሆንም ሙሉ አልነበረም።

ከዚህ ላይ ሁለተኛው ጥያቄያችን ይነሳል። በዐድዋ የአገሪቱን ደብዳቤ ከሞግዚት እጅ ያወጣው ገበሬ የራሱን ደብዳቤ በማን እጅ ይልክ ነበር?

በዚያ ዘመን የተበደለ ሰው ወደ ገዥ የሚደርስበት መንገድ ደጅ ጥናት ነበር። ባለጉዳዩ ከአገሩ ተነስቶ ሳምንታት ተጉዞ ከግቢ በር ይቆማል። በረኛው አለ፣ አጋፋሪው አለ፣ ጉዳዩን ለበላይ የሚያቀርበው ባለሟል አለ። እያንዳንዱ በር እጅ መንሻ ይጠይቃል። መጻፍ የማይችለው ገበሬ ነገሩን ለጸሐፊ ይነግራል፤ ጸሐፊው የመሰለውን ይጽፋል፤ ገበሬው የተጻፈለትን አንብቦ ማረጋገጥ አይችልም። ምኒልክ በውጫሌ የደረሰባቸው ይህ አልነበረምን? በሌላ ቋንቋ የተጻፈ፣ ራሳቸው ሊያነቡት ያልቻሉት ቃል ፈርመው የማያውቁት ግዴታ ውስጥ ጣላቸው። ንጉሠ ነገሥቱን አንድ ጊዜ ያጋጠማቸው ነገር የገበሬው የዘወትር ኑሮ ነበር።

ይሁን እንጂ ምኒልክ የባለጉዳይን ቃል ጨርሰው የዘጉ ገዥ አልነበሩም። በችሎት ተቀምጠው አቤቱታ ይሰሙ ነበር። የጽሕፈቱን ሥራ የሚመሩት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። ከቤተ መንግሥቱ የሚወጡ ደብዳቤዎች ግልባጭ ይቀመጥ ስለነበረ፣ ዛሬ ያን ዘመን ከደብዳቤዎቹ ለማየት ይቻላል። እነዚህን ደብዳቤዎች ሰብስቦ ያዘጋጀው ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ ነው። በአዲስ ዘመን ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ በተሰኘው ዓምዱ የአንባቢያንን ደብዳቤ እየተቀበለ መልስ ሲሰጥ የኖረ ሰው የንጉሡንና የሕዝቡን መጻጻፍ ለትውልድ ማቆየቱ የሚያስመሰግነው ነው። በደብዳቤዎቹ ውስጥ የሚገኘው ታላላቅ የመንግሥት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተራው ሰው የንብረት፣ የዕዳና የርስት ጉዳይም አለበት። ባለጉዳዩ አቤት ይላል፤ ከማእከል ለአካባቢው ገዥ ይጻፋል፤ ገዥው ነገሩን አይቶ እንዲፈጽም ይታዘዛል።

ችግሩም የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። ትእዛዙ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በደሉ ወደተፈጸመበት ደጅ ነበር። ባለጉዳዩ ደብዳቤውን ይዞ ሲመለስ የሚያስረክበው ለዚያው ለበዳዩ ገዥ ወይም ለምስለኔው ነው። ገዥው ደግሞ ደመወዝ ከመንግሥት አይቀበልም፤ የሚኖረው በገባሩ ላብ ነው። በተለይ በዚያ ዘመን በጦር በገበሩት የደቡብ አገሮች ወታደሩ በገባር ላይ ተተክሎ እህሉን፣ ማሩንና ጉልበቱን ይወስድ ነበር። ከንጉሠ ነገሥቱ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ቃል ቢወጣም፣ በዘመቻ የተማረከው ሕዝብ ለባርነት መዳረጉ አልቀረም። በደልን የሚያመርተው ሥርዓት ሳይለወጥ በደልን በደብዳቤ አንድ በአንድ ማረም የሚያፈስ እንስራን ከላይ እየሞሉ እንደ መዋል ነው።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ገጠመኝ አልነበረም። ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡበት በ1857 ዓ.ም. በአሜሪካ የእርስ በእርሱ ጦርነት አብቅቶ በደቡብ ግዛቶች የነበሩት ባሮች ነፃ ወጡ። መልሶ ማቋቋም በተባለው ዘመን፣ ትናንት ማንበብና መጻፍ በሕግ ተከልክለው የነበሩ ሰዎች በራሳቸው እጅና በጎረቤት እርዳታ ለየግዛቱ ገዥ መጻፍ ጀመሩ። የሠሩበት ደመወዝ እንዲከፈላቸው፣ ትምህርት ቤት እንዲቆምላቸው፣ ከታጠቁ ዘረኞች እንዲጠበቁ ይጠይቁ ነበር። የሚሲሲፒ ገዥ አደልበርት ኤምስ በ1868 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጥቁሮች በምርጫ ዋዜማ ሲገደሉ የማእከሉን መንግሥት ጦር ጠይቆ አላገኘም፤ በዚያው ዓመት ከሥልጣኑ ወረደ። በ1869 ዓ.ም. የመልሶ ማቋቋሙ ዘመን አከተመ፤ የጥቁሩ ሕዝብ መብትም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተረገጠ። በሁለቱም አገር የምናየው ትምህርት አንድ ነው። ደብዳቤ መጻፍ መብት ነው፤ የተጻፈው እንዲፈጸም የሚያደርግ የተደራጀ ኃይል ከሌለ ግን መብቱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ምኒልክ በኋለኛው ዘመናቸው የጀመሯቸው ሥራዎች ከዚህ አንጻር ሲታዩ ትርጉማቸው ይጎላል። በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም አዋጅ ወጣ፤ ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። አዲስ አበባን ከሐረር፣ ቀጥሎም ከአስመራ የሚያገናኝ የቴሌግራፍና የስልክ መስመር ተዘረጋ። የአስመራውን መስመር የዘረጉት ኢጣሊያውያን መሆናቸው ግን የቴክኒክ ጥገኝነት በጦር ድል ብቻ እንደማይፋቅ ያስገነዝበናል። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ጽሕፈትና ፍርድ የየራሳቸው ኃላፊ አገኙ። በዚያው ዓመት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ሌላውን ባለእጅ በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ወጣ። ሠራተኛው በእጁ ሥራ የሚናቅበት ልማድ ስር የሰደደ ስለነበረ አዋጁ ወዲያው ባይሽረውም፣ የሥራ ክቡርነት በመንግሥት ቃል መታወቁ ታላቅ እርምጃ ነበር። በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤትም የተከፈተው በዚሁ ዘመን ነው።

የሕይወታቸው ፍጻሜ ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ መልሶ ያነሳዋል። በጽኑ ሕመም ተይዘው አንደበታቸው ሲታሰር በስማቸው የሚናገሩ፣ በማኅተማቸው የሚያዝዙ ሌሎች ሆኑ። ከጣይቱ ወገን፣ ከሸዋ መኳንንትና ከወራሹ ከልጅ ኢያሱ ወገን በተነሳው ሽኩቻ መካከል የአገሪቱ መሪ ድምፅ አልባ ሆኖ ተኛ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም። ቃላቸው በሌላ እጅ እንዳያልፍ ጦር ያዘመቱት ንጉሠ ነገሥት የመጨረሻ ዓመታቸውን በሌሎች ቃል ውስጥ ኖረው አለፉ። ሥልጣን በተቋምና በሕግ ሳይሆን በአንድ ሰው ላይ ሲቆም የሚያስከትለው ይህንኑ ነው።

የደብዳቤው መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚደርስ የወሎ ሕዝብ በሁለት ትውልድ አይቶታል። በ1965 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲፈጅ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መከራውን ከአገርና ከዓለም ሸሸገ። ዘውዱ ወርዶ ሌላ ሥርዓት ከቆመ በኋላም፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር የወሎና የትግራይ ገበሬ በኮረምና በሌሎች መጠለያዎች በረሃብ ይረግፍ ነበር። በሁለቱም ጊዜ የጎደለው ዝናብ ብቻ አልነበረም። የገበሬውን ቃል ተቀብሎ ሳይቆርጥ ሳይቀጥል የሚያደርስ፣ ደርሶትም የሚደነግጥ አካል ጎድሎ ነበር። ይህ የማንም አንድ ሥርዓት ብቻ ኃጢአት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። ከታች የሚመጣን መጥፎ ወሬ የሚፈራ ቢሮ ሁሉ፣ ስሙና ባንዲራው ቢለዋወጥም፣ የራሱን 17ኛ አንቀጽ በሕዝቡ ላይ ይጽፋል።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት የምንቀስመው ትምህርት ለታሪክ መጽሐፍ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም። በ1971 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ከማመልከቻ ጸሐፊ ጥገኝነት ለማላቀቅ በር ከፍቶ ነበር። ፊደል የቆጠረ ሰው የተጻፈለትን ያነባል፤ ያልተናገረው ሲጨመርበት ያውቃል። የቀበሌው ነዋሪ ማመልከቻውን በራሱ ቃል ይጻፍ፤ ከመፈረሙ በፊት ያንብብ፤ ማንበብ ያልቻለ ጎረቤቱም እንዲነበብለት ያድርግ። ያስገባውን ጽሑፍ ግልባጭና ያስገባበትን ቀን ይያዝ። ሠራተኛው በማኅበሩ በኩል የሚቀርበው ጥያቄ በስብሰባ ተነቦ የጸደቀ መሆኑን ያረጋግጥ፤ በእርሱ ስም የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ እርሱ የማያውቀው ቃል እንዳይኖርበት ይከታተል። መልስ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠይቅ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊም አቤቱታን ወደተከሰሰው ሰው ደጅ መልሶ መምራት ፍትሕ ሳይሆን የፍትሕ ማምለጫ መሆኑን ይገንዘብ።

ምኒልክ ከውጫሌ እስከ ዐድዋ ባለው መንገድ አንድ ታላቅ እውነት አስመስክረዋል፤ ራሱን ችሎ የማይጻጻፍ አገር ነፃ አገር አይደለም። ይህንኑ እውነት ከቤተ መንግሥት በር አውርዶ እስከ ገባሩ ጎጆ ማድረስ ግን ዘመናቸውና ሥርዓታቸው አልፈቀደላቸውም። የቀረው ሥራ የኛ ነው። ይስማ ንጉሥ በሚለው የአምባሰል ስፍራ ስም ውስጥ ያለው ጩኸት ዛሬ ንጉሥ የለውም፤ ሰሚ የሚያስፈልገው ሕዝብ ግን አለ። ያ ሕዝብ ቃሉን በራሱ እጅ ጽፎ፣ በኅብረት ቆሞ፣ መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ሊጠይቅ ይገባል።